መብራት ሲመጣ የሚቃጠል ዕቃ፦ የዩፒኤስ ዓይነቶችና የአዳማ መስመር

ጥገና ቤቴ አዳማ ውስጥ፣ ከፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው። መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት በሩን ልከፍት ስመጣ ሁለት ሦስት ሰው ዕቃውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ደጅ ቆሞ አገኛለሁ። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ «መብራት ጠፍቶ ተቃጠለብኝ።» እኔም የምጠይቀው አንድ ነው፤ «ሲጠፋ ነው ሲመጣ?»

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ቆም ብሎ ያስባል። ከዚያ «እንዴ! ሲመጣ ነው መሰለኝ» ይላል።

በቀደም የመጡት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ያላቸው እናት ግን ለየት ያለ ጥያቄ ይዘው ነበር። ኮምፒውተሩንና ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን ሣጥን) ባጃጅ ላይ ጎን ለጎን ጭነው አመጧቸው። «ልጄ፣ ይኼ የተገዛው እኮ ያኛው እንዳይቃጠል ነበር» አሉኝ፣ መጀመሪያ ዩፒኤሱን ቀጥሎ ኮምፒውተሩን እየጠቆሙ። ሁለቱም አይነሱም። የዩፒኤሱን ክዳን ስፈታው የተቃጠለ ሽታ ፊቴን መታኝ። ከመግቢያው ገመድ አጠገብ የምትቀመጠው ሳንቲም የምታህል ክብ ዕቃ፣ ድንገት የሚዘልን ቮልት የምትውጠው ቫሪስተር፣ ለሁለት ተሰንጥቃ ከሰል መስላለች። የፊዩዙ ብርጭቆ ውስጡ ጥላሸት ለብሷል። የኮምፒውተሩን ፓወር ሰፕላይ፣ ከሶኬት የመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ የሚያዘጋጀውን ክፍል፣ ስከፍት ያው ታሪክ፤ ቫሪስተሯ ጠቁራለች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር አናቱ አብጧል። ደግነቱ ማዘርቦርዱና ሃርድ ዲስኩ ደህና ነበሩ።

«ዩፒኤስ እያለኝ እንዴት ተቃጠለ?» የሚለው የእሳቸው ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ መመለስ ፈለግሁ። ስንገዛ የምናስበው ጨለማውን ነው፤ ዕቃችንን የሚገድለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ራሱ፣ ታሞ ሲመጣ ነው። ዩፒኤስ ሁሉ ያንን በሽታ አያክምም።

ኃይሉ ሞልቶ መስመሩ ሲታመም

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ሱቄ ውስጥ የሚነሳ አንድ ቅሬታ አለ፤ «አሁንም ብልጭ ድርግም?» አዳማ ላይ ሲሆን ቅሬታው የበለጠ ይመራል፤ ምክንያቱም ከተማችን በኃይል ማመንጫ የተከበበች ናት። የቆቃ ግድብ ከእ.ኤ.አ. 1960 ጀምሮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አለ። ከተራራው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ማማዎች ደግሞ የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ናቸው። ውኃውም ነፋሱም ከእኛ ዘንድ ነው።

ግን ማመንጨት ሌላ፣ ቤት ድረስ ማድረስ ሌላ። ሥራው በተቋም ደረጃም ተለያይቷል፤ የቀድሞው መብራት ኃይል እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈሉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። ዕቃችንን የሚነካው ችግር የሚፈጠረው በመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ነው፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ያረጀው ምሰሶ፣ ነፋስ የሚያላትመው ሽቦ፣ በላላ ማሰሪያ የተያያዘ መስመር። ጉባ ላይ ምንም ያህል ኃይል ይመንጭ፣ የላላን ማሰሪያ አያጠብቅም።

በዚህች ኪሎ ሜትር ላይ የሚያጋጥመው ሕመም ብዙ መልክ አለው። ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ሁሉም ያውቀዋል። ከእሱ የከፋው መድከሙ ነው፤ ከትራንስፎርመሩ ራቅ ያለ ቤት ውስጥ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃና ምጣድ ሲለኩስ፣ 220 መሆን የነበረበት ቮልት 180 ወይም 170 ይሆናል። አምፖሉ ቢጫ ይሆናል፣ ፍሪጁ ያቃስታል። ጎረቤት ብየዳ ቤት ካለ ደግሞ በእያንዳንዱ ብልጭታ መስመሩ ይዘላል። መብራት ተመልሶ በሚመጣባት ቅጽበትም የሰፈሩ ሞተርና ትራንስፎርመር ሁሉ አንድ ላይ ሊነሳ ሲሻማ ቮልቱ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዶ ይመጣል።

ከሁሉም የምፈራው ግን የኒውትራል መበጠስ ነው፤ የእናታችንንም ዕቃ የገደለው እሱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከሰፈር ትራንስፎርመር የሚወጡት ኤሌክትሪኩን የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ ፌዝ የሚባሉት፣ እና አንድ የጋራ መመለሻ ሽቦ፣ ኒውትራል፣ ናቸው። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አለ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380። አንድ ቤት በአንደኛው ፌዝ፣ ጎረቤቱ በሌላኛው ላይ ተሰክተው፣ ሁለቱም ወደ አንድ ኒውትራል ይመለሳሉ። ያ የጋራ ኒውትራል ምሰሶ ላይ ቢበጠስ መብራቱ አይጠፋም፤ የሁለቱ ቤት ዕቃዎች ተከታትለው እንደተቀጠሉ ሆነው 380ውን ይካፈሉታል። አከፋፈሉም ፍትሐዊ አይደለም። ብዙ የሚስበው ትንሽ ቮልት፣ ትንሽ የሚስበው ብዙ ቮልት ያገኛል።

አንደኛው ቤት 3,500 ዋት ገደማ የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ሰክቷል እንበል፤ ሌላኛው 100 ዋት የሚወስድ ዕቃ ብቻ አብርቷል። በቀላል ስሌት ምጣዱ ላይ የሚደርሰው ከ15 ቮልት አይበልጥም፤ አነስተኛው ዕቃ ላይ ግን ከ360 ቮልት በላይ ያርፋል። አንዷ እመቤት «ምጣዴ አልሞቅ አለ» ስትል፣ ጎረቤት የቴሌቪዥኑ ጀርባ ይጨሳል። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚቀበለውን 220 ቮልት ወደ 311 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ካፓሲተሩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ እንደተለመደው ለ400 ቮልት የተሠራ ነው። 360 ቮልት ሲገባ ውስጡ ከ500 ያልፋል። ያበጠው አናት ከዚያ የመጣ ነው። ስልክ ደውዬ ሳጣራ የሱቃቸው ሰፈር በዚያ ምሽት ምጣድ አልሞቅ ያለው ቤት ነበረ።

ሦስቱ ዩፒኤሶች

የእሳቸው ዩፒኤስ ኦፍላይን የሚባለው ነው፤ ርካሹ፣ ቀላሉ፣ ከሁሉም በብዛት የሚሸጠው። አሠራሩ የዘበኛ ነው። መብራት ባለበት ጊዜ ከሶኬት የመጣውን እንዳለ ለኮምፒውተሩ ያሳልፋል፤ እሱ ጎን ላይ ተቀምጦ ባትሪውን ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ሪሌ የምትባል ማብሪያ ማጥፊያ ትዞርና ኮምፒውተሩን ወደ ባትሪው ታሻግራለች። ይህ ሽግግር እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዷ ሞገድ 20 ሚሊ ሰከንድ ናት፤ ስለዚህ ክፍተቷ ግማሽ ሞገድ ብትሆን ነው። ደህና ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነት እንኳ 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ትንፋሹን ይዞ መቆየት ስለሚችል አያውቃትም።

እግረ መንገዴን፦ «ዩፒኤስ ገዝቼ ኮምፒውተሬ አሁንም ሪስታርት ያደርጋል» የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ዩፒኤሱን ከመወርወራችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩን አስፈትሹ። ዕድሜው የገፋ፣ ካፓሲተሩ የደረቀ ፓወር ሰፕላይ ያቺን ግማሽ ሞገድ መታገሥ ያቅተዋል።

የኦፍላይን ድክመት መብራት እያለ ነው የሚታየው። 175 ቮልት ሲመጣ 175ቱን እንዳለ ይሰጣል፤ በጣም ሲወርድበት ደግሞ «ይኼ መብራት አይደለም» ብሎ ወደ ባትሪ ይሻገራል። አዳማ ውስጥ ምሽት ላይ በየሱቁ የምትሰሙት ጩኸት ይሄ ነው፤ አምፖሉ በርቶ ዩፒኤሱ ይጮሃል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ባትሪው ያልቃል፣ ኮምፒውተሩ መብራት እያለ ይጠፋል። ሰውም ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ የተሠራው የሚጠፋ እንጂ የሚደክም መብራት ላለበት ቦታ አይደለም።

ለእኛ መስመር የሚመጥነው ሁለተኛው፣ ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ነው። ከኦፍላይኑ የሚለየው ውስጡ ባለው ትራንስፎርመር ነው። ትራንስፎርመሩ ከተለያየ ቦታ ላይ የወጡ ጫፎች ስላሉት፣ የመጣው ቮልት ዝቅ ሲል አንዱን ጫፍ ከሌላው እየቀየረ ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ያወርደዋል። ባትሪው አይነካም። 175 ቮልት ገብቶ 200 አካባቢ ይወጣል። ምሽት ላይ እንዲህ ዓይነት ዩፒኤስ አጠገብ ብትቀመጡ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ አንድ፣ ሲነቅል አንድ። አንድ ደንበኛዬ ይህን ሰምቶ «ውስጡ የላላ ነገር አለ» ብሎ አምጥቶልኝ ያውቃል። ድምፁ ጤና ነው፤ ሪሌዋ ጫፍ እየቀየረች ነው። ስትገዙ ሣጥኑ ላይ «ኤቪአር» (ቮልቱን በራሱ የሚያስተካክል ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፣ ቀጥሎም የመግቢያ ቮልቴጅ የሚለውን ቁጥር አንብቡ። ከ140ዎቹ ወይም ከ160ዎቹ ተነሥቶ እስከ 290 ወይም 300 የሚደርስ ከሆነ ለአዳማ ምሽት ይበቃል። ሻጩ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ ብቻ ከነገራችሁ ያልነገራችሁ ዋናው ይቀራል።

ሦስተኛው ኦንላይን ነው። ይሄኛው ከሶኬት የመጣውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ለማንም አያሳልፍም። መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ከዚያ ከዚያው ላይ አዲስ፣ ንጹሕ 220 ቮልት እንደገና ያመርታል። ባትሪው መካከል ላይ ተገናኝቶ ስለሚቀመጥ መብራት ሲጠፋ የሚዞር ነገር የለም፤ የሽግግር ጊዜው ዜሮ ነው። የመጣው ቮልት ቢወርድ፣ ቢወጣ፣ የጀነሬተሩ ፍጥነት ቢዋዥቅ ዕቃው የሚያየው ያንኑ ንጹሕ ሞገድ ነው። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ቀን ከሌት ስለሚለዋውጥ ይሞቃል፣ ማራገቢያው ሁልጊዜ ያጉረመርማል፣ ከሚገባው ኤሌክትሪክ ጥቂት በመቶውን በሙቀት ያባክናል። ለሰርቨር፣ ለሕክምና ላቦራቶሪ ማሽን፣ ለብዙ ተማሪ የፈተና ክፍል ማዕከላዊ መሣሪያ ተገቢ ነው። የደም ምርመራ ማሽን መሃል ላይ ሲቋረጥ የገባው ናሙናና ኬሚካል አብሮ ስለሚባክን ሒሳቡ ቶሎ ይመለሳል። ለአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ግን የሠርግ ድንኳን ለሁለት ሰው እንደ መትከል ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ እነዚህ ሦስቱ የሚመደቡት መሣሪያው ከመስመሩ ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ምን ያህል ነፃ እንደሆነ ታይቶ ነው። ኦፍላይኑ በሁለቱም ጥገኛ ነው፣ ላይን ኢንተራክቲቩ ከቮልቴጁ ነፃ ወጥቷል፣ ኦንላይኑ ከሁለቱም። አመዳደቡ «ስንት ደቂቃ ያቆያል» የሚለውን ጭራሽ አለመጠየቁን ልብ በሉ።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ። ከ360 ቮልት በላይ ሲመጣ ኦፍላይኑ ዩፒኤስ በሩን ዘግቶ ወደ ባትሪ እስኪሻገር ድረስ ምቱ አልፎ ኮምፒውተሩ ጋ ደርሷል። ቫሪስተሯስ? እሷ የተሠራችው ለቅጽበት ነው። ለመብረቅ ንዝረት፣ ለሞተር ብልጭታ፣ ከሰከንድ ሺኛ ላነሰ ጊዜ የሚዘልን ቮልት ትውጣለች። ደቂቃዎች የሚቆይ ከፍተኛ ቮልት ሲመጣ ግን ስትውጥ፣ ስትውጥ ትቃጠላለች። ላይን ኢንተራክቲቭ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ግን እሱም ለዚያን ያህል ጊዜ 360 ቮልት ደጁ ላይ ሲቆምበት ራሱ ሊሞት ይችላል። ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ከዩፒኤሱ በፊት፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠም የቮልቴጅ መከላከያ ነው፤ ከተወሰነው በላይ ወይም በታች ሲሆን ቤቱን ሙሉ ይቆርጣል፣ መስመሩ ሲረጋ ይመልሳል። ዩፒኤስ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አስገጥሙ ብል የራሴን ገበያ መዝጋት ይመስላል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ሣጥኑ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር

«650» የሚል ዩፒኤስ ገዝታችሁ 650 ዋት የገዛችሁ ከመሰላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ቁጥሩ ቪኤ ነው፤ ቮልትና አምፔር ተባዝተው የሚገኝ እንጂ ዋት አይደለም። ለትናንሾቹ ዩፒኤሶች በብዛት በ0.6 ይባዛል፤ 650 ቪኤ 390 ዋት ገደማ ማለት ነው። ዋቱ ከኋላ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፤ እሱን አንብቡ። ተራ የቢሮ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ከ100 እስከ 150 ዋት ስለሚበቃው አንድ 650 ለአንድ ሰው ደህና ነው። ሁለት ኮምፒውተርና ሞኒተር፣ የስልክ ቻርጀር፣ ማራገቢያ ሲጨመርበት ግን ደህና አይደለም።

ጊዜውን እናስላው። ውስጡ ያለችው ባትሪ በአብዛኛው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ናት፤ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት። 120 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር 40 ደቂቃ ሊሠራ ነው? አይሠራም። የባትሪው 7 አምፔር ሰዓት የተለካው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ ሲጠጣ ነው። ዩፒኤሱ ግን ከ10 አምፔር በላይ እየጎተተ ይጨልጠዋል፤ እንዲህ የተጨለጠ ባትሪ ካለው ግማሹን ቢሰጥ ነው፣ ከሰጠውም ላይ ለውጡ የራሱን ድርሻ ይቀንሳል። አዲስ ባትሪ እያለው ከሩብ ሰዓት ብዙ አይዘልም። ይህቺ ጊዜ ሥራ ጨርሶ፣ አስቀምጦ፣ በወጉ አጥፍቶ ለመነሣት ናት። ሥራ ለመቀጠል የሚፈልግ ሌላ ዕቃ ነው የሚያስፈልገው፤ እመጣበታለሁ።

ባትሪው ላይ አዳማ ሁለት ነገር ትጨምርበታለች፤ ሙቀትና አቧራ። የታሸገ የሊድ ባትሪ በ25 ዲግሪ አካባቢ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሊቆይ የተሠራ ሲሆን፣ በየ8 እስከ 10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ ውስጥ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከጠረጴዛ ሥር ግድግዳ ተደግፎ፣ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ የተቀመጠ ዩፒኤስ ውስጡ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ እጃችሁን ክዳኑ ላይ ጣል አድርጋችሁ ገምቱ። እኔ የምቀይራቸው ባትሪዎች ብዙዎቹ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። አብጠው ከቤታቸው አልወጣ ስለሚሉ ጎናቸውን በስክሩድራይቨር እየፈነቀልኩ ነው የማወጣቸው።

ሌላም አለ። ባዶ የሆነች ባትሪ ለመሙላት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ትፈልጋለች። መብራቱ በቀን ሦስት ጊዜ ከሄደ ሦስተኛው ላይ የምታገኙት የቀረውን ፍርፋሪ ነው፤ ባዶዋን ስትውል ስታድር ደግሞ ውስጧ ይጠነክርና ድጋሚ አትሞላም። ዩፒኤሱን አጥፍቶ ለሦስት ወር ክረምት ቤቱን ዘግቶ የሄደ ሰውም ሲመለስ የሚያገኘው ይሄንኑ ነው።

የማይሰካና የሚሰካ

ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አይሰካም። ወረቀቱ ላይ ቀለሙን የምታቀልጠው ክፍል ስትሞቅ ብዙ መቶ ዋት በአንድ ጊዜ ስለምትጎትት ትንሹ ዩፒኤስ ጭነት በዛብኝ ብሎ ይዘጋል፣ ወይም ሪሌው ይቃጠላል። ፎቶ ኮፒውም እንደዚያው። ፍሪጅም አይሰካም፤ ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብና ትንንሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ የተሰበረ ደረጃ ዓይነት ስለሆነ ሞተሩ ያጓራል፣ ይሞቃል። ለፍሪጅ የሚበጀው በገበያ ላይ ያለው የፍሪጅ መከላከያ ነው፤ መብራት ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አዘግይቶ ይለቃል። መዘግየቱ ለጌጥ አይደለም። ፍሪጁ እንደጠፋ በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት ስላልረጋ፣ ወዲያው ቢነሣ ሞተሩ ግድግዳ እንደሚገፋ ሰው ይጨነቃል።

ላፕቶፕ ያለው ሰው ለላፕቶፑ ዩፒኤስ አያስፈልገውም። ባትሪው ዩፒኤሱ ነው፣ ቻርጀሩም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። እሱን የሚያስቆመው ዋይፋዩ ነው፤ ለራውተር ደግሞ 12 ቮልት በቀጥታ የምትሰጥ፣ መዳፍ የምታህል ሊቲየም ባትሪ ያላት ትንሽ ዩፒኤስ አለች። ራውተር የሚወስደው ከ10 ዋት ብዙም ስለማይበልጥ ሰዓታት ታቆየዋለች። ቴሌብርን ጨምሮ ክፍያው ሁሉ በኔትወርክ በሆነበት፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር በሚሰጥበት ጊዜ ኮምፒውተሩን አድኖ ራውተሩንና የኔትወርክ ገመዶቹን የሚያገናኘውን ስዊች መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ስክሪኑ በርቶ ግንኙነቱ የሞተበት የፈተና ክፍል ምንም አላተረፈም።

ጀነሬተር ላላቸው አንድ ነገር፦ ትናንሽ ጀነሬተሮች ፍጥነታቸው ስለሚዋዥቅ ላይን ኢንተራክቲቭ ዩፒኤስ «ይህንን አልቀበልም» ብሎ በባትሪ ላይ እንደቆየ ሊያልቅ ይችላል። አንዳንዱ ላይ ይህን የሚያለዝብ ቅንብር አለ፤ የሌለው ከሆነ መድኃኒቱ ኦንላይን ወይም የተሻለ ጀነሬተር ነው።

ለሰዓታት መሥራት የሚፈልግ ደግሞ ወደ ኢንቨርተር (የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ 220 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ) እና ሊቲየም ባትሪ፣ ቢችል ከነሶላሩ፣ ይሂድ። የሶላር ኢንቨርተሮች ብዙዎቹ ለኮምፒውተር የሚሆን ፈጣን ሽግግር፣ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ እና ለቤት ዕቃ የሚሆን 20 ሚሊ ሰከንድ ምርጫ አላቸው። ገጣሚው ለቤት ዕቃ አድርጎት ከሄደ ኮምፒውተራችሁ በየመሻገሪያው ይጠፋል፤ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው ስለናረ ሰዎች ርካሹን ዩፒኤስ ደጋግመው ይገዛሉ፤ በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረውን ባትሪ ደምሮ ማየት ግን ያስተዛዝባል።

ግራውንድን፣ ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ፣ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ሁሉ ከኋላው ሦስት ሽቦ የለውም። ስንት ቤት ስከፍት ሦስተኛዋ ቀዳዳ ባዶዋን አግኝቻታለሁ! የመብረቅ ንዝረት በዩፒኤሱ በኩል ወደ መሬት ይውረድ ከተባለ የሚወርድበት ሽቦ ያስፈልገዋል። አዳማ ላይ ደግሞ በበጋ አፈሩ ስለሚደርቅ የተቀበረው ብረት በደንብ ላያስተላልፍ ይችላል፤ በመሣሪያ የሚለካ ባለሙያ አስመጡ። ቀጥታ መብረቅን ግን የትኛውም ዩፒኤስ አያቆመውም። ክረምት ላይ ሲያጉረመርም ከሶኬት መንቀል ነው፤ የኢንተርኔቱንም ገመድ ጭምር።

እናታችን ምን ገዙ? ብሬከር ሳጥናቸው ውስጥ የቮልቴጅ መከላከያ፣ ከዚያ ኤቪአር ያለው ላይን ኢንተራክቲቭ። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩላቸው። ለሁለት ቀን ከሞላ በኋላ ሄጄ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ነቀልኩት። አሥራ አራት ደቂቃ ቆየ። ቀኑንና ደቂቃውን ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፍኩ፤ በየሦስት ወሩ እንዲህ እየነቀሉ እንዲለኩት፣ ከሰባት በታች ሲወርድ ባትሪውን እንዲቀይሩ ነገርኳቸው። «ፕሪንተሩንስ?» አሉ። «ፕሪንተሩ ግድግዳ ላይ፣ እትዬ፤ እዚህ ላይ በጭራሽ።»

በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ዩፒኤሱ ላይ ኤ4 ወረቀት ተለጥፏል፤ «ፕሪንተር እዚህ አይሰካም» ይላል በኮምፒውተር ጽሑፍ። ከሥሩ የሚያሠሩት ልጅ በእስክርቢቶ ጨምሮበታል፦ «ካውያም።»